አንድ ወንበር ለጎረቤላ

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ጠዋት ሰልፍ ላይ ርእሰ መምህራችን አቶ ይትባረክ አዲስ ወሬ ይዘው መጡ። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን የወጣቶች ምክር ቤት ይካሄዳል። ከየወረዳው አንድ ተማሪ ይሄዳል፤ ሦስት ሳምንት እዚያው እያደረ አፈ ጉባኤ ይመርጣል፣ አጀንዳ ያስይዛል፣ ይከራከራል። እውነተኞቹ ሹማምንት ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ ከሚቀርበው ሐሳብ ቢያንስ አንዱን እንፈጽማለን ብለው ቃል ገብተዋል አሉ። የሚሄደው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነው። ከርሞ እኔ አሥራ ሁለተኛ ነኝ። ወይ ዘንድሮ ወይ መቼም።

"የሚወዳደር እጁን ያውጣ" ሲሉ ነቢዩ ሁለቱንም እጁን አወጣ። ነቢዩ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው፤ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሳይሰማም እጁን ያወጣል። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እኔ እሻላለሁ ብሎ እጅ መስቀል ያሳፍራላ! መምህራኑ ያውቁኝ የለም እንዴ? ስሜን ቢጠሩ ምን ነበረበት? ማንም አልጠራም። በመጨረሻ ጓደኛዬ ምስጋና ክንዴን ይዛ እጄን ሽቅብ ሰቀለችውና "ፍቅርተማርያም ወልደኪዳን!" ብላ ጮኸች። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

ተናድጃለሁ። ግን ተመዝግቤያለሁ።

ሚያዝያ 27

ራት ላይ ለአባባ ነገርኳቸው። ጉርሻቸውን አላመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ። "ሙያ በልብ ነው" አሉና ተነሡ። ይኼ እሺ ነው ወይስ እንቢ? መሪጌታ ወልደኪዳን ለደብሩ ልጆች ሙሉ ቀን ዜማ ሲያስጠኑ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማል። ለልጃቸው ሲሆን ሦስት ቃል።

እማዬን ጓዳ ገብቼ ጠየቅኳት። "አባትሽን አታውቂያቸውም? መሪጌታ ሊያደርጓቸው ሲሉ ሸሽተው ደነባ ወንድማቸው ቤት ተደበቁ እኮ። አይገባኝም፣ አልበቃም፣ ሌላ ፈልጉ እያሉ ሽማግሌውን አመላለሱት። በስተመጨረሻ በመከራ ነው ያመጧቸው" አለችና ሳቀች። ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። የፈለጉትን ነገር ሸሽቶ መደበቅ ምን የሚሉት ጠባይ ነው? የድሮ ሰው።

ግንቦት 2

መብራት የለም። ኔትወርክም የለም። ለውድድሩ ጽሑፍ ዓርብ ይገባል። ጥያቄው "ምክር ቤት ብትገባ ምን ታነሣለህ?" ይላል። "ብትገባ"። እኔን አላሰቡኝም ማለት ነው። ሦስት መስመር ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። እንደገና ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ሻማው አለቀ።

ግንቦት 6

ምን እንደምጽፍ አገኘሁ። ያገኘሁት ምስጋና ቤት ነው። ቤት ማለት ያሳዝናል። ምስጋና የቆላ ልጅ ናት፤ እነሱ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ ከሦስት ልጆች ጋር እዚህ ጎረቤላ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። ስንቃቸውን በየሳምንቱ ከቤተሰብ ያመጣሉ። ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ስንቅ ይቀራል፣ ጣሪያው ያፈሳል። ዘንድሮ ከእነሱ ጋር የነበረች አንዷ ልጅ በዚሁ ሰበብ አቋርጣ ሄዳ ተዳረች። ለቆላ ተማሪዎች ማደሪያ ይሠራ ብዬ ነው የምጠይቀው። ምስጋና እያወራች እኔ ሁለት ገጽ ሞላሁ።

ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። "ጠግቤያለሁ" አልኩ። ርቦኝ ነበር። "እሺ" ብላ ለራሷ በላችው! ሁለተኛ ጊዜ እንኳ ብይ አላለችም። "እንዴ፣ እኛ ቤት እንግዳ ሳይለመን አይበላም" ስላት "ከራበሽ ብይ፣ ካልራበሽ ተዪው። እኛ ስንቅ የምንቆጥር ሰዎች ነን፣ ስንለማመን አንውልም" አለችኝ። በባዶ ሆዴ ወደ ቤት ወጣሁ። እወዳታለሁ፣ ወግ ግን የላትም።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ቃለ መጠይቅ ነበር። ከወረዳ የመጡ ሦስት ሰዎች፣ መሐል ላይ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴት። "ከነዚህ ሁሉ ተማሪ ለምን አንቺን እንምረጥሽ?" አሉኝ። ምን ይባላል? "ከኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ" አልኩ። አንደኛው ሰውዬ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ነበር። ሴትዮዋ ግን "ተይ፣ ተይ፣ ራስሽን አታሳንሺ፤ ይኼን ማደሪያ ያልሽውን አስረጂን" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ስለ ወንዙ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስላቋረጠችው ልጅ። 

ነቢዩ ከኔ ቀጥሎ ገባ። ድምፁ ከበሩ ውጪ ይሰማል። "ምክንያቱም እኔ ጎበዝ ነኝ!" አለ። ልክ እንዲህ አለ እኮ። በሱ ፈንታ እኔ አፈርኩ።

ግንቦት 28

ውጤት የለም። መንገድ ሰሞኑን ተዘግቷል፣ ከደብረ ብርሃን ሰው አይመጣም ይላሉ። አቶ ይትባረክን ባየሁ ቁጥር መንገዳቸው ላይ ቆም እላለሁ፤ እሳቸው ያልፉኛል። መጠየቅ እችል ነበር። ግን ጠይቄ ቸኮለች ቢሉኝስ?

ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"የመሪጌታ ልጅ ፓርላማ ልትገባ ነው አሉ።"

"መሪጌታ እሺ ሊሉ? እኚያ ሰው የተሰጣቸውን መች በጄ ብለው ተቀብለው ያውቃሉ?"

ቀኑን ሙሉ ይኼ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ነው። አባባ ይከለክሉኛል። አውቀዋለሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ምን ደረሰ ብለው አልጠየቁኝም።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

በሌሊት ነው የምጽፈው። ሁሉም ተኝቷል።

ተመርጬ ነበር። ተመርጬ! አባባ ከማኅሌት መጥተው ገና አረፍ እንዳሉ አቶ ይትባረክ ራሳቸው ቤታችን ድረስ መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ የሽሮ ሳህን ይዤ። "መሪጌታ፣ እንኳን አደረሰዎ። ደስ የሚል ነገር ይዤ ነው የመጣሁት፤ ከወረዳው ሁሉ ልጅዎ አንደኛ ወጥታለች፤ የወላጅ ፈቃድ ሊፈርሙልኝ ነው" አሉ። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አባባ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ መቼም እንዳልረሳው። "እግዜር ይስጥልን፣ ደክመህ መምጣትህ። ግን ይህች ልጅ ለዚህ የምትበቃ አይደለችም። ገና ጥሬ ናት። በዚህ ሁሉ አገር ከሷ የሚሻል አይጠፋም፣ ሌላ ፈልጉ።"

አቶ ይትባረክ ደነገጡ። ዘንድሮ ገና ከደብረ ብርሃን ተዛውረው የመጡ ሰው ናቸው፣ አባባን በደንብ አያውቋቸውም። "የመንገዱ ነገር አሳስቦዎት ከሆነ..." ብለው ጀመሩ። አባባ "ተው ልጄ፣ ተው፣ ይቅር። እኛ ለዚህ የሚሆን ሰው የለንም" አሏቸው። "እንግዲህ የአባት ቃል ይከበራል" አሉ አቶ ይትባረክ። የተቀዳላቸውን ጠላ በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው ተነሡ። ወረቀቱ ሳይፈረም ኪሳቸው ተመለሰ።

ለዚህ የሚሆን ሰው የለንም። እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ። ሰው አይደለሁማ!

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው። አባባ እንግዳውን እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ ያዜሙ ነበር። የማኅሌቱ ዜማ ይሁን ሌላ እንጃ፣ እያዜሙ ነው የገቡት። ለእማዬም "ጠላው እንዳያልቅ፣ ሌላም ጥመቂ" አሏት። ደስ ብሏቸዋል! ልጃቸውን አስቀርተው ደስ ብሏቸዋል። ሴት ስለሆንኩ ነው። ወንድ ብሆን ኖሮ በማግስቱ ጭነው ይልኩኝ ነበር።

እማዬ ጀርባዬን እያሻሸች "ታገሺ፣ ነገሩ ገና ነው" ትለኛለች። ምኑ ነው ገና?

ሰኔ 13

ዛሬ አባባን በአንተ ነው የምጽፈው። ደብተሬ ነው። መጣ። በላ። ሄደ። አላናገርኩትም። እግሩን ለማጠብ ውሃ አቀረብኩለት፣ ቀና ብዬ አላየሁትም። መረቀኝ። አሜን አላልኩም።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

አቶ ይትባረክ ግቢ ውስጥ አስቆሙኝ። "አባትሽ ሐሳባቸውን አልለወጡም? ስምሽን እስከ ሐሙስ ማቆየት እችላለሁ" አሉኝ። ምን ልበላቸው? አባቴን እለምናለሁ ልበል? የማይፈልጉኝን ሰው? ልጆቹ ቆመው ያያሉ፣ ነቢዩም ከዳር ቆሟል። "እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ይቅርብኝ፣ ነቢዩ ይሻላል" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉ።

"አዎ" አልኩ።

"እሺ" ብለው ሄዱ። እሺ! ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ፊቴን እያዩ? ትንሽ እንኳ ቢጫኑኝ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተይ ቢሉኝ ኖሮ። መነጽር ያደረጉት ሴትዮ ቢሆኑ ተይ ይሉኝ ነበር። የከተማ ሰው ልብ የለውም።

ምስጋና ሰምታ ልትመታኝ ደረሰች። "አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል! አንቺ አፍሽን የት አደረግሽው?" አለችኝ። ጥፋቱ የአባቴ ነው አልኳት። "ዛሬ አባትሽ ግቢ ውስጥ ነበሩ?" አለች።  እሷ አይገባትም።

ሰኔ 20

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ነቢዩ። ቤት ለማንም አልነገርኩም። ጨርሻለሁ።

ሰኔ 26

ፈተና አልቋል። ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ለማን ደስ ሊለው ነው። ዝናቡ አላባራም። ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ። ቤት ውስጥ ከአባባ ጋር በአንድ ክፍል ተዘግቶ መዋል ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያውቀዋል።

ከገበያ ሲመለሱ ሹራብ ገዝተውልኝ መጡ። ወፍራም፣ ሰማያዊ። "ልኪው" አሉ። ካሳ መሆኑ ነው። በሹራብ ሊያባብሉኝ። አልለካሁትም፣ አጥፌ ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ማታ ደግሞ ለእንግዳ ለመጣው የአክስቴ ባል "ደብረ ብርሃን ሐምሌ ላይ ብርዱ እንዴት ነው? ሌሊት ስንት ብርድ ልብስ ይፈልጋል?" ይሉታል። ሀገረ ስብከት ጉባኤ ሊሄዱ ይሆናል። እሳቸው ይሄዳሉ፣ እኔ እቀመጣለሁ።

ውሻው በጮኸ ቁጥር ደግሞ ብድግ ይላሉ። ትናንት መንገድ የጠፋበት የወተት ነጋዴ ነበር። ትንሽ ቆመው አዩትና ተመልሰው ተቀመጡ። እያረጁ ነው መሰለኝ። ጠላውም ሦስተኛ ጊዜ ተጠመቀ፣ ማን እንደሚጠጣው እንጃ። ጾም ነው፣ ከአክስቴ ባል በቀር እንግዳ የለ።

እማዬ ለምን አባባን እንደማላናግር ጠየቀችኝ። "እሳቸው ያውቃሉ" አልኳት። እሳቸውን ሄዳ ጠየቀቻቸው። "ልጅ ናት፣ ቸኩላ ነው፤ ትንሽ ትጠብቅ" ሲሉ ሰማሁ። ምኑን ነው የምጠብቀው? ባል?

ሐምሌ 6

ነቢዩ ዛሬ ሄደ። ጾም በተፈታ ማግስት። ቤተሰቡ ሁሉ መናኸሪያ ወጥቶ ሸኘው፤ እናቱ ታለቅሳለች፣ አባቱ ወፍጮውን ዘግተው መጥተዋል። እኔ ዘይት ልገዛ ወጥቼ ነው እንጂ ሊሸኙት ከመጡት ጋር አልነበርኩም። ዘይት ቤቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ ነው።

ነቢዩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ፍቅርተ! አንድ ነገር ላንቺ ላንሣልሽ?" ብሎ ጮኸ። "አያስፈልግም!" አልኩት። መኪናው ሄደ። ዘይቱን ረስቼ ተመለስኩ።

ሐምሌ 13

ነቢዩ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ግን ደስታው አልተቆራረጠም። ሠላሳ ልጆች ናቸው፣ አዳራሹ ማይክ አለው፣ የሚተኙት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርም ነው። አጀንዳ ሲያስይዝ የሚለው ጠፋበትና ያኔ ከበሩ ውጪ ሆኖ የሰማውን የኔን የማደሪያ ሐሳብ አነሣ። "ተጨበጨበልኝ በማርያም! ወደሚቀጥለው ዙር አለፈ። ያንቺ ሐሳብ ነው ብዬ ስምሽን ልጥቀስ እንዴ?"

"ኧረ አያስፈልግም፣ እኔ ምን አደረግኩ" አልኩት።

"እሺ" አለና ዘጋው።

ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቀፋፊ። ስምሽን ልጥቀስ ተብሎ ይጠየቃል? ዝም ብሎ ይጠቀሳል እንጂ! ምስጋናን የመሰለ ሌላ። ሁሉም ሰው ምን ሆኗል ዘንድሮ?

ራት አልበላም አልኩ። እማዬ "ብይ እንጂ" አለችኝ፣ "አልፈልግም" አልኩ፣ "ስሞትልሽ" አለችኝ፣ "አልፈልግም" አልኩ፣ "አፈር ስሆንልሽ" አለችኝ፣ በላሁ። ቢያንስ አንድ ሰው አለ በዚህ ዓለም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ከየት ልጀምር።

ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ አባባ ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ጎመን እቀነጥሳለሁ።  ድንገት "ያ ርእሰ መምህር አሞት ይሆን እንዴ?" አሉ።

"ማን?" አልኩ። አንድ ወር ከምናምን ሲያልፍ ለሳቸው ያወጣኋት የመጀመሪያ ቃል ይህች ናት።

"ይትባረክ ነዋ። ሊለምነን አልተመለሰም እኮ። በሚካኤል መጣ፣ አንድ ጊዜ እንቢ አልኩት፣ ደግ። በሳምንቱ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ሰኔ ማርያም አለፈ። ሐዋርያት አለፈ። እኔ ቄሰ ገበዙንም ይዞ ይመጣል ብዬ ነበር። ሹራቡንም ገዝቼ፣ ጠላውም... ልጅቷ መቼ ነው የምትሄደው? ክረምቱ ሊያልቅ ነው እኮ።"

ጎመኑ ከእጄ ወደቀ። አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም ክፋት የለም። ግራ ገብቷቸዋል እንጂ።

"አባባ፣ ምክር ቤቱ ተጀምሯል። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሄዷል" አልኩ።

"በማን ቦታ?"

"በኔ።"

"እንዴት? አንቺ ተመርጠሽ?"

"አትበቃም ብለዋቸው የለ!"

"ታዲያ ምን ልበል?" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አለ። "ልጄ ጎበዝ ናት፣ አዎ ስጡኝ ልበል? ሰው በገዛ አፉ? እንደ ባለጌ? አንድ ጊዜ እንቢ ይባላል፣ ሁለት ጊዜ ይባላል፣ ከዚያ እንግዲህ ከሆነ ይሁን ይባላል። ይኼን የማያውቅ ሰው አለ?"

እማዬ ከጓዳ ወጥታ ሰምታ ኖሮ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ካፍ የወጣ አፋፍ!" አለች። እሷም እንደሳቸው ስትጠብቅ ነበር። ሁለቱም። ታገሺ ያለችኝ ለዚያ ነው።

ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ ጠልቼያቸዋለሁ። ይኼው እውነቱ። ውሃ እያቀረብኩ፣ ጎንበስ እያልኩ ጠልቼያቸዋለሁ። እሳቸው ለካ ውሻ ሲጮህ እየተነሡ የኔን ዕድል ነበር የሚጠብቁት። አሁን ግን ንዴቱ አልወጣልኝም፤ ጭራሽ ባሰበት። ቢከለክሉኝ ይሻል ነበር። በክፋት ቢሆን የምጮህበት ነበረኝ። በወግ ሲሆን ማን ላይ ይጮኻል?

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

አባባ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ጥምጥማቸውን ጠመጠሙ። "ተነሺ፣ ትምህርት ቤት ነው የምንሄደው" አሉ። "አልፏል እኮ፣ ምን ይሠራልናል?" ብል አልሰሙኝም። ዝናብ። ጭቃ። ዣንጥላው አንድ ነው፤ እሳቸው ወደኔ ይገፉታል፣ እኔ ወደሳቸው። ሁለታችንም ረጠብን።

አቶ ይትባረክ ለምዝገባ እየተዘጋጁ ነበር፤ ሁለት መምህራንም አሉ። ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው። አባባ አልተቀመጡም። አንዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማኅሌት ሊጀምሩ ሲሉ እንዲህ ያደርጋሉ።

"ልጄ ትበቃለች" አሉ። "ያኔም ትበቃ ነበር። አንደኛ ወጣች ብለኸኝ ሳለ አትበቃም ያልኩህ ልትለምነኝ ነው ብዬ እንጂ እንቢ ብዬ አይደለም። ይኼን ለመናገር ነው የመጣሁት።"

 አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አባባ እኔን ሲያመሰግኑ የሰማሁት ዛሬ ገና ነው። ያውም ሰው ፊት። ምን እንደተሰማኝ ልጻፍ? መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞ እንዳትውጠኝም።

አቶ ይትባረክ ፊታቸው ቀላ። "መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ እኮ የአባት ቃል ነው ብዬ፣ በዚያ ላይ የመንገዱ ነገር... ደግሞ እሷንም ጠይቄያታለሁ። እስከ ሐሙስ ላቆይልሽ ብያት፣ ይቅርብኝ፣ ነቢዩ ይሻላል አለችኝ።"

አባባ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

"እንደሱ ብለሽዋል?"

"አዎ።"

"እኔስ አባት ነኝ፣ ወጌ ነው። አንቺ ምን ነካሽ?"

"የርስዎ ልጅ ነኛ" አልኩ።  አንደኛው መምህር ሳቁን በሳል ሸፈኑ። አባባ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። ለካ ከሰኔ ጀምሮ ያቺን ሰኞ አስቤያት አላውቅም። ጽፌያታለሁ እንጂ አላሰብኳትም። ምስጋና ግን ያኔውኑ ነግራኝ ነበር።

አቶ ይትባረክ ምን ያድርጉ? ወንበሩ አንድ ነው፣ የነቢዩ ነው። ስልካቸውን አውጥተው ውጪ ወጡ፣ ቆይተው ተመለሱ። "ቅዳሜ መዝጊያው ነው። ተወካዮቹ አጀንዳቸውን ያቀርባሉ፣ እንግዶችም አስተያየት መስጠት ይችላሉ ብለውኛል። ሁለታችሁ በእንግድነት ብትገኙ..." አሉ።

አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "ኧረ እኛን ማን ብላችሁ ነው፣ አትቸገሩ፣ እኛ እንኳ..."

"እንመጣለን" አልኩ።

አባቴ እየተናገሩ አቋረጥኳቸው። ሰው ፊት። በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም። አቶ ይትባረክ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን እያዩ "እንግዲህ... የማንን ቃል ልያዝ?" አሉ።

"የሷን" አሉ አባባ።

 ወደ ቤት ስንመለስ ዣንጥላውን እኔ ያዝኩት።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

መኪና ውስጥ ነኝ፣ ጽሑፌ ይዘላል።

ከንጋት ጀምሮ መናኸሪያ ቆመን ነበር። ሚኒባስ የለም። መንገድ ትናንት ተዘግቶ ነበር፣ ዛሬ ተከፍቷል ይላሉ፣ ግን የሚወጣ የለም። መዝጊያው ሦስት ሰዓት ይጀምራል። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ተኩል ሆነ። የተናደድኩትን ያህል ለመጻፍ ደብተሩ አይበቃም። እንግዳ ሆኜ እንኳ፣ ኋላ ወንበር ላይ እንኳ!

ከዚያ አንድ ድንች የጫነ አይሱዙ መጣ። ጋቢናው ውስጥ ሹፌሩ ብቻ። አባባ፣ ከሰው ውሃ እንኳ ጠይቀው የማያውቁት አባባ፣ መሐል አስፋልት ገብተው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። መኪናው ቀጥ አለ።

"ልጄ፣ በሚካኤል ይዤሃለሁ፣ ይዘኸን ሂድ። ይህች ልጄ ምክር ቤት ተጠርታለች" አሉ።

"ሰው አልጭንም መሪጌታ፣ ይቆጡኛል።"

"ግዴለህም ይዘኸን ሂድ።"

"በእውነት አልችልም።"

"አፈር ስሆን!"

ሹፌሩ በሩን ከፈተ።

አሁን ግማሽ መንገድ መጥተናል። ጉም ነው፣ ከፊታችን ያለው አይታይም፣ መኪናው ይጎተታል። ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። እንደርስ እንደሆነ እንጃ። ብንደርስም ነቢዩ ጎረቤላ ተብሎ ይጠራል፣ እኔ ከኋላ እሰማለሁ። ይኼን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ቅድም ሹፌሩ ጥቂት ከነዳ በኋላ "መሪጌታ፣ ልጅዎ ምክር ቤት ገብታ ምን ልትል ነው?" አለ።

አባባ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ኧረ እሷ ምን ታውቃለች፣ ልጅ ናት ሊሉ ነው። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

"ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ?" አሉት። "ራሷን ጠይቃት። አፍ አላት።"

ከዚያ ጀምሮ ስናገር ቆይቼ ነው አሁን ደብተሬን ያወጣሁት። ስለ ማደሪያው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ምስጋና ክፍል ጣሪያ፣ ስላቋረጠችው ልጅ፣ ሐሳቡም የኔ መሆኑን፣ የፍቅርተማርያም መሆኑን፣ ሁለቴ። ገና ሳልጨርስ ሹፌሩ ሬዲዮ ሊከፍት እጁን ሰደደ። አባባ እጁን ያዙት።